«ቲቸር፣ እርስዎም ይጫወቱ ነበር?»

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ስለ ደብተር እጥረትና ስለ ውሃ ሰልፍ ተነጋግረን ልንበተን ስንል ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ የዚያን የፕሌይስቴሽን ቤት ነገር ዝም ልትሉት ነው ወይ? ልጄ ትምህርት ቤት ብሎ ከቤት ይወጣል፣ የሚውለው ግን እዚያ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ሬስሊንጉ ሰው አንስቶ መጣል ለምዷል። ታናሽ ወንድሙን ከአልጋ ላይ ወርውሮ ክንዱን አሳበጠው» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። ከወደ ጥግ አንድ አባት «ይዘጋ በቃ!» አሉ። ብዙ ከተጯጯኽን በኋላ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ሰው ይመረጥ ተባለና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

እሺ አልኩ። ስወጣ ግን አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ በሩ ላይ ጠብቆ ጠጋ አለኝና በሹክሹክታ «ቲቸር፣ እርስዎም ይጫወቱ ነበር አይደል?» አለኝ። ከየት እንደሰማ አውቃለሁ፤ ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ። እንግዲህ ወላጆች ከልጆቻችሁ አፍ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። አዎ፣ እጫወት ነበር። ያውም እስከ ምሽት።

ነገሩ የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ደሴ ለመምህርነት ስሰለጥን ነው። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ክፍል ነበረች። በውስጧ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ግራጫ ፕሌይስቴሽን 1፣ አራት ጆይስቲክና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነበሩ። አንድ ጨዋታ 50 ሳንቲም ነው። አንደኛው ቴሌቪዥን የኳስ ነው፣ ሁለተኛው የሬስሊንግ። ማሽኑ ሲግል ሲዲው አልነበብ ይላል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ማሽኑን በጀርባው ይገለብጠዋል፣ ተገልብጦ ይሠራል። እኛ አምስት ጓደኛሞች ነበርን፤ ሁላችንም አንድ ክፍል፣ ሁላችንም ኪሳችን ባዶ። ከምሳ ገንዘባችን ላይ እየቆነጠርን ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ እንገባለን።

በነገራችን ላይ እነዚህን ሰዎች «ታጋይ» ብዬ ብጽፍ አማርኛው ትክክል ነው፤ ግን ታጋይ የሚለው ቃል ለእኛ ለስደተኞች ሌላ ብዙ ነገር ስለሚያስታውስ ልጆቹ እንደሚሉት ሬስለር እላለሁ።

የመጀመሪያው ፍቅሬ ስማክዳውን 2 ነው። ጌሙን የሠራው ዩክስ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ያወጣው ደግሞ ቲ.ኤች.ኪው. የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2000 ነው። እኛ ጋ የደረሰው ግን ሽፋን የሌለው፣ ስሙ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ኮፒ ሲዲ ሆኖ ነው። ሮክ አለ፣ ስቶን ኮልድ አለ፣ ኬን ከነጭምብሉ አለ፣ አንደርቴከር አለ። ስለ አንደርቴከር በደሴ ልጆች ዘንድ የማይነገር ነገር አልነበረም። ሰባት ጊዜ ሞቶ ሰባት ጊዜ ተነስቷል ይባላል፤ አንዱ ጓደኛችን መቃብሩን በቪዲዮ አየሁ ብሎ ምሎልናል። እኔም መምህር ልሆን ስድስት ወር ቀርቶኝ ግማሽ በግማሽ አምኜ ነበር። ሰውዬው የቴክሳስ ተወላጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ድርጅቱ ገብቶ በ2020 ጡረታ ወጣ፤ አንድም ጊዜ አልሞተም።

ሕጉን ለማታውቁ ወላጆች ባጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ይገጥማል፤ የወደቀውን ሁለት ትከሻውን ምንጣፉ ላይ አጣብቆ ዳኛው ሦስት እስኪቆጥር የያዘ ያሸንፋል። ወይም እግሩን አጣምሞ «በቃኝ» እስኪል ማስጨነቅ ነው። እኛ የምንወደው ግን ሮያል ራምብል የሚባለውን ነበር። ሁለት ሰው ሪንግ ውስጥ ይጀምራል፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየተጨመረ ይመጣል፤ ከላይኛው ገመድ በላይ ተወርውሮ እግሩ መሬት የነካ ወጣ ማለት ነው። የመጨረሻ የቀረው ንጉሥ ነው። ትንሽ ተንኮል ይጠይቃል። ገመዱ አጠገብ አትቆምም፣ ትልቁን ሰው ለብቻህ አትነካም፣ ሁለቱ ሲደባደቡ ጥግ ይዘህ ትጠብቃለህ። ረጅሙ ጓደኛችን በዚህ በጣም የታወቀ ነበር። ዳር ቆሞ ሁሉንም ካስፈጀ በኋላ መጥቶ የደከመውን ገፍቶ ይጥልና እጁን ያነሳል። «ይሄ ጀግንነት አይደለም» ስንለው «ቀሪ ማን ነው?» ይለናል።

የዚህ ጌም ትልቁ ጥፋቱ ጥበቃው ነው። ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው ለማለፍ «ሎዲንግ» የሚል ጽሑፍ ፊት ተቀምጠን ሻይ ጠጥተን እንጨርሳለን። የዓመት ውድድሩን የጀመረ ሰው መጨረሻውን ሳያይ የምሳ ሰዓቱ ያልፋል። ግን በዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው የተዋወቅነው ማለት ይቻላል። ማን ከየት እንደመጣ፣ የማን አባት ምን እንደሚሠራ፣ ማን የትኛዋን ልጅ እንደሚያይ የተነጋገርነው ማሽኑ እስኪጭን ድረስ ነው።

ልጆቹ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። የድሮው ሲዲ ላይ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ይላል፣ የአሁኑ ላይ ደብልዩ ደብልዩ ኢ ይላል፤ ሁለት ድርጅት ነው ወይ ይሉኛል። አንድ ነው። በምህጻረ ቃሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅቱ፣ ያ የፓንዳ ምልክት ያለው፣ እንግሊዝ አገር ከስሶ ስለረታቸው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2002 ስማቸውን ለመቀየር ተገደዱ። አንደርቴከርን ያልቻለ ሰው የለም ስንል ፓንዳ ቻለው ብዬ ክፍል ውስጥ አስቄያቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ወላጆችም ልጆችም የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ እውነት ነው ውሸት? የቴሌቪዥኑ ሬስሊንግ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የተነጋገሩበት ትርዒት ነው። ውድቀቱ ግን እውነተኛ ውድቀት ነው፤ ሰውነት ይሰበራል፣ ጉልበት ይበላሻል። ሰዎቹ አወዳደቅ ለዓመታት ይማራሉ፤ የሚወረወረውም ወርዋሪውን እየረዳው ነው የሚነሳው። ጌሙ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በጌሙ ማንም አይጎዳም፣ ውጤቱን ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሐሰተኛው ውድድር ጆይስቲክ ሲጨመርበት እውነተኛ ውድድር ይሆናል። ደሴ ውስጥ በቴሌቪዥን ሁሌ የሚሸነፈውን ሰው ይዘን ሮክን ስንጥለው የሚሰማን ደስታ ከዚህ የመጣ ነው። ልጄ አንስቶ መጣል ለመደ ላሉት እናት የምለውም ይኸው ነው። ልጁ ከጌሙ የወሰደው ቅርጹን ነው። ጌሙ ውስጥ የሌለውን ዋናውን ነገር፣ ማለትም የሚወድቀው ሰው ተስማምቶና ተምሮ የሚወድቅ መሆኑን፣ ማንም አልነገረውም። ይህን መንገር የእኛ የመምህራን ሥራ ነበር፤ አልሠራነውም።

ተመርቄ ገጠር ተመደብኩ። ደመወዝ ለመቀበል በወር አንዴ ደሴ ስመጣ ያቺ ክፍል ፕሌይስቴሽን 2 አስገብታ አገኘኋት፤ ዋጋውም አንድ ብር ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. እዚያ ያገኘሁትን ጌም እስከ ዛሬ የሚበልጠው አላየሁም፤ ሂር ካምዝ ዘ ፔይን ይባላል፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እዚህም ካምፕ ስንደርስ የጠበቀን እሱ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በስክሪኑ ላይ የሰው ስዕል አለ፤ ራስ፣ ደረት፣ እጅ፣ እግር። የተመታው ቦታ ቀለሙን እየቀየረ እስከ ቀይ ይደርሳል። እግሩ የቀላ ሰው ያነክሳል። ታዲያ ዝም ብሎ በተን መደብደብ አያዋጣም፤ አንድ ቦታ መርጠህ በትዕግሥት መሥራት ነው። እኔ ያንን ስዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች የእንግሊዝኛ የአካል ክፍሎችን አስተምሬበታለሁ። አንድ ሳምንት ያልገባቸውን «ኤልቦ» እና «ኒ» በአንድ ክፍለ ጊዜ ያዙት። ሱፐርቫይዘሩ ስዕሉን አይቶ አደነቀ፣ ከየት እንዳመጣሁት ግን አልነገርኩትም።

በዚሁ ጌም ውስጥ በነጥብ የሚገዙ የድሮ ሰዎች አሉ። ከነሱ አንዱ ኒኮላይ ቮልኮፍ ነው። ቀይ ለብሶ የሶቪየት ኅብረትን ብሔራዊ መዝሙር እየዘፈነ ይገባ የነበረ፣ የአሜሪካ ሕዝብ የሚያፏጭበት ሩሲያዊ። ሰውዬው ግን ሩሲያዊ አልነበረም። ዩጎዝላቪያ ውስጥ ስፕሊት በተባለች ከተማ የተወለደ ክብደት አንሺ ነበር፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አገሩን ጥሎ ካናዳ ገባ፣ ከዚያ አሜሪካ። ኮሚኒስት መንግሥት ጠልቶ የተሰደደ ሰው እንጀራ ያገኘው ኮሚኒስት መስሎ በመታየት ነው! ጓደኛው አይረን ሺክ ደግሞ እውነተኛ ኢራናዊ፣ በአገሩም የታወቀ የትግል ስፖርተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በመጀመሪያው ሬስልማኒያ ሁለቱ አብረው የጥንድ ሻምፒዮን ሆነዋል። ቮልኮፍ በ2018፣ ሺክ በ2023 አረፉ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካምፕ ከገባሁ በኋላ ነው። ኢንተርቪው ላይ ማን እንደሆንክ ደጋግመህ ስትጠየቅ፣ ታሪክህን በአንድ ገጽ አሳጥረህ ስትናገር፣ እኚህ ሰውዬ ትዝ ይሉሃል።

ከእነሱ የባሰው ካማላ ነው። ፊቱን ተቀብቶ፣ በባዶ እግሩ፣ ጦርና ጭምብል ይዞ «ከኡጋንዳ ጫካ የመጣ ግዙፍ» እየተባለ የሚገባ ሬስለር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የድሮ ሰዎች ጌም ውስጥም አለ። አንድ ኡጋንዳዊ ተማሪ ስዕሉን አይቶ «ቲቸር፣ ይሄ የእኛ አገር የትኛው ብሔረሰብ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚሲሲፒ ሰው ነው አልኩት፤ ስሙም ጄምስ ሃሪስ። ልጁ ትንሽ አሰበና «ታዲያ ለምን በእኛ ስም?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ኮፊ ኪንግስተንን አግኝተዋል። ጋና የተወለደ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በሬስልማኒያ 35 ዋናውን ቀበቶ ወሰደ። ያን ሰሞን የጌም ቤቱ ልጆች ሁሉ እሱን ካልያዝን ብለው ተጣልተዋል፤ በዕጣ ነው የተከፋፈሉት።

ካኩማ ስገባ 2000 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያውያኑ ሰፈር ገበያው መሐል አንድ ወንድማችን ጄኔሬተር ተክሎ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጥላ ሠርቶ የከፈተውን የጌም ቤት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሙቀቱና አቧራው ማሽኑን በየወሩ ይገድለዋል፤ ወንድማችን በጥርስ ብሩሽ እያጸዳ ያስነሳዋል። ሶማሌው፣ ደቡብ ሱዳኑ፣ ኮንጎው፣ የአገሬው የቱርካና ልጅ ሁሉ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። የጋራ ቋንቋቸው ስዋሂሊ ከመሆኑ በፊት የሬስለር ስም ነበር። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ድንገት ድርግም ሲል ሁሉም በየቋንቋው ይሳደባል፤ እኔ የስድስት ቋንቋ ስድብ የተማርኩት እዚያ ነው።

እንደ መምህር የገረመኝ አንድ ነገር ነበር። ክፍል ውስጥ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ማንበብ ያቃተው ልጅ የጌሙን ምርጫዎች ሁሉ ሳይሳሳት ይከፍታል። የሚያነብ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ በቃሉ ነው የያዘው፤ ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ ኤክስ። ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፌ ባሳየው አላወቀውም። ስለዚህ ጌም እንግሊዝኛ ያስተምራል የሚሉትን ሰዎች እኔ አላምናቸውም። አጠገቡ ተቀምጦ «ይህ ምን ይላል?» የሚል ሰው ካለ ብቻ ያስተምራል።

የጨለማውንም ጎን መደበቅ አልፈልግም። በዚያ በወደድኩት ጌም ውስጥ ኤዲ ጌሬሮ አለ፤ እያታለለ፣ እየሳቀ የሚያሸንፍ፣ ሁሉም የሚወደው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 በ38 ዓመቱ በልብ ሕመም ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ክሪስ ቤንዋም አለ። እሱ በ2007 ሚስቱንና የሰባት ዓመት ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ። በኋላ አእምሮውን የመረመሩ ሐኪሞች ለዓመታት በደረሰበት ምት ክፉኛ ተጎድቶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ በወጡት ጌሞች ውስጥ ስሙ የለም። ግን አሮጌው ሲዲ ውስጥ አለ፤ ልጆቹም ማን እንደሆነ ሳያውቁ ይመርጡታል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ቤንዋን ይዞ ሲያሸንፍ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። በሌላ ቀን፣ ያው ልጅ ጓደኛውን ከትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ በራሱ ሊዘቀዝቀው ሲል ደርሼ ስይዘው፣ ያን ጊዜ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላነሳም።

የዛሬ ልጆች ደግሞ በስልክ ነው። ሬስሊንግ ሪቮሉሽን የሚባለውን፣ ማት ዲኪ የተባለ አንድ እንግሊዛዊ ብቻውን የሠራውን ጌም በየስልካቸው ጭነውታል። መልኩ የሸክላ አሻንጉሊት ይመስላል፣ ሰዎቹ እየተደናበሩ ይጋጫሉ። መጀመሪያ ናቅሁት። በኋላ ስጫወተው ሳቄ አላቆም አለ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየዓመቱ ያወጡት ሁሉ የተሳካ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የወጣው 2ኬ20 በብልሽት ከመሞላቱ የተነሳ የሰው ፀጉር በአየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ የሚቀጥለውን ዓመት ጌም እስከመሰረዝ ደረሱ። ስልክ ላይ የሚጫወት ልጅ ግን ብቻውን ነው። ከጌም ቤቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ቀድማችሁ እንድታስቡበት እዚህ ልጻፈው። ጌም ቤቱ አይዘጋ። በትምህርት ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ተማሪ አያስገባ፤ ባለቤቱን አነጋግሬው ተስማምቷል። ከጌም ቤት ውጪ ሰው አንስቶ የጣለ ልጅ ለአንድ ወር አይገባም፤ ይህን ደግሞ ያመጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፣ ዝርዝሩንም በር ላይ ሊለጥፉ ነው። ከራሽን እህል ተሸጦ በሚገኝ ሽልንግ የሚጫወተውን በተመለከተ ግን መፍትሔ የለኝም። እሱን ወላጅ ነው የሚያውቀው። ያሳበጠ ክንዱን ይዞ ትምህርት ቤት የመጣውን ትንሹን ልጅ አይቼዋለሁ፤ የሚቃወሙኝ ወላጆች እሱን ይዘው ቢመጡ አልፈርድባቸውም።

አሁን ተማሪዬ ከየት ሰማ ወዳልኩት ልመለስ።

ስማክዳውን 2 የራስህን ሬስለር እንድትሠራ ይፈቅዳል። ፊት፣ ፀጉር፣ ውፍረት፣ ልብስ፣ አመታት፣ የመግቢያ ዘፈን፣ ሁሉን ትመርጣለህ፤ ስሙንም በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋለህ። እኛ አምስታችን ራሳችንን ሠራን። ስማችንን ግን አልሰጠናቸውም፣ የአገር ስም ነው የሰጠናቸው፤ ጦሳ፣ አዝዋ፣ ቦርከና፣ ሐይቅ፣ ገራዶ። ረጅሙ ጓደኛችን ጦሳን ወሰደ፣ እኔ የገራዶ ልጅ ስለሆንኩ ገራዶን። የጌም ቤቱ ሜሞሪ ካርድ በየሳምንቱ ስለሚጠፋ ገንዘብ አዋጥተን የራሳችንን ካርድ ገዛን። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ የምትበልጥ፣ ግራጫ፣ 15 ብሎክ የምትይዝ ናት። ባትሪ የላትም፤ ለዓመታት ብትቀመጥም የያዘችውን አትረሳም። ስማክዳውን 2 በወጣበት ዓመት ኖ ሜርሲ የሚባል በጣም የተመሰገነ የኒንቴንዶ ጌም ወጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ግን የያዙትን በራሳቸው የሚያጠፉበት ችግር ነበረባቸው። በዚህ በኩል እኛ ዕድለኞች ነበርን።

በ1998 ዓ.ም. ከአገር ስወጣ ካርዷ እኔ ዘንድ ነበረች። የመጨረሻውን ቅዳሜ ከጦሳ ጋር ተጫውተን፣ እኔ ሻይ ልከፍል ስወጣ እሱ ብቻውን ማሽኑ ጋ ቆይቶ ካርዷን ነቅሎ ሰጠኝ። መሄዴን አልነገርኩትም፤ ያወቀ ግን ይመስለኛል። ሞያሌን አልፌ በኬላ አንድ ፖሊስ ኪሴን ሲፈትሽ ካርዷን አገኘና «ሂይ ኒ ኒኒ?» አለኝ። «ጌም» አልኩት። ወደ ብርሃን አንስቶ አያት፣ ሳቀና መለሰልኝ። ከዲፕሎማዬ ኮፒ ጋር በአንድ ፌስታል ገብታ ካኩማ ደረሰች።

እዚህ ግን የምትከፈትበት መንገድ አልነበረም። ፕሌይስቴሽን 2 የድሮውን ካርድ ይቀበላል፤ ይዘቱን ለመክፈት ግን የድሮው ሲዲ ያስፈልጋል። ስማክዳውን 2 በካምፑ ማንም አልነበረውም። በ2004 ዓ.ም. ለሕክምና ናይሮቢ የሄደ አንድ ወንድም ኢስሊ ውስጥ ከአሮጌ ሲዲ ክምር መሐል አግኝቶ አመጣልኝ። ጌም ቤቱ ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ተሰብስበው ሲያዩ ካርዷን ሰካኋት። ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነካችም። «ሎዲንግ» አለ። ጠበቅን።

ጦሳ ወጣ። አዝዋ ወጣ፣ ቦርከና፣ ሐይቅ። ገራዶ የለም። በገራዶ ቦታ አንድ ሆዱ የተዘረጋ፣ ፀጉሩን ሮዝ ቀለም የተቀባ፣ በጠባብ ቁምጣ ብቻ የቆመ ሰውዬ አለ። ስሙ በሦስት ፊደል «ዕዳ» ይላል።

ለአንድ አፍታ አልገባኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ለመጨረሻው ደመወዝ ሳምንት ከጦሳ 15 ብር ተበድሬ ነበር፤ አልመለስኩለትም። ሻይ ልከፍል የወጣሁ ጊዜ ነው የሠራው። ልጆቹ «ቲቸር፣ ዕዳ ምንድን ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ እኔ ተንበርክኬ እስቅ ነበር፤ ከሳቁም በኋላ ዓይኔን ጠርጌያለሁ።

ያን ጊዜ ስልኩን ፈልጌ አገኘሁትና ደወልኩለት። «አየኸው?» አለኝ፣ ሌላ ሰላምታ ሳይጨምር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እንደዋወል ነበር፤ «ወለዱ ስንት ደረሰ?» ይለኛል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ እንደወጣ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይጠራም። አዝዋ ዱባይ ነው፣ እሱም አላገኘውም። በስደት መዝገብ ስሙን ያየ፣ ወይም የደሴ የሒሳብ መምህር፣ በጣም ረጅም፣ ዳር ቆሞ የሚያሸንፍ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ካለ ትምህርት ቤት መጥቶ ይንገረኝ።

ካርዷ ጌም ቤቱ ውስጥ ናት፤ ባለቤቱ ቆልፎ ያስቀምጣታል፣ ዓርብ ዓርብ ያወጣታል። ልጆቹ ጦሳን ለመያዝ ይሻማሉ። ዕዳን የሚመርጥ የለም፤ ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ስሄድ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚደርሰኝ። ባለፈው ሳምንት ያ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በጦሳ ከገመድ በላይ ወርውሮኝ ሲያበቃ ዞሮ «ቲቸር፣ 15 ብር ግን በሽልንግ ስንት ነው?» አለኝ።